ሠላሳኛው ወንበር

በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን፣ ሰናይት ነጠላዋን ደርባ፣ መነጽሯን ጉያዋ ውስጥ ሸጉጣ፣ ግማሽ ድፎ ዳቦ በፌስታል ይዛ ከቤት ትወጣለች። እንዲህ ማድረግ ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ቤቷ አይሸኛትም፤ ዝም ያለ ቤት ነው። በሩ ሲዘጋ ብቻ፣ መቃኑ አጠገብ ባለችው መዳፍ በምታህል ሰሌዳ ላይ ጽሑፍ ይወጣል። «ሰናይት ወጣች። ቤት ውስጥ ማንም የለም።» እሷም አንብባ፣ ትክክል መሆኑን አይታ ትሄዳለች።

በ2094 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ውስጥ እንዲህ ዝም ያሉ ቤቶች ጥቂት ነበሩ። የቀሩት ይናገራሉ። በመንገዱ ስታልፍ በሮቹ አንድ በአንድ በስሟ ይጠሯታል። «እንደምን ዋልሽ ሰናይት? ፀሐዩ በርትቷል፤ ጥላ አልያዝሽም?» መጀመሪያ ሰሞን ሰላምታውን ትመልስላቸው ነበር፤ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር መስሏት። በኋላ ግን በሮቹ ሰላም የሚሏት ውስጥ ሰው ባይኖርም መሆኑን ስታውቅ ተወችው።

የእድሩ አዳራሽ ከወንዙ በላይ ነው። በአንድ በኩል የእድሩ ድንኳንና ድስቶች ተቆልለዋል፤ በሌላው በኩል ረጃጅም ጠረጴዛዎች፣ በየጠረጴዛው ላይ አሮጌ ሰሌዳዎች፣ ፊት ለፊታቸው የብረት ወንበሮች ተደርድረዋል። እዚህ የሚታረመው ጎጆ ነው። ጎጆ የቤቱን በር፣ ውኃውን፣ መብራቱንና ምድጃውን የሚያስተዳድር ፕሮግራም ነው። ማንም አልሸጠውም፣ ማንም አልገዛውም። የፈለገ ሁሉ ይወስደዋል፤ የወሰደ ሁሉ ደግሞ በወር አንድ ቅዳሜ መጥቶ ያርመዋል። ደቦ ነው። ቤቶቹ በወሩ ውስጥ ግራ የገባቸውን ነገር ጥያቄ አድርገው ያመጣሉ፤ ሰዎቹ ይመልሳሉ። ከየጥያቄው ግርጌ ሁለት ቁልፎች አሉ። የግራው «ይሁን»፣ የቀኙ «ይቅር» ይላል።

«ስንት ነን ዛሬ?» አሉ ጋሽ ይማም መዝገቡን ገልጠው። ጋሽ ይማም ጡረታ የወጡ የመብራት ሠራተኛ ናቸው፤ ደቦው ሲጀመር ጀምሮ መዝገቡ በእጃቸው ነው።

«ሠላሳ» አለች ዘሃራ ከሰናይት አጠገብ ተቀምጣ። «እኔን ሁለት ጊዜ ካልቆጠሩኝ። ውፍረቴስ ይፈቅዳል።»

ተሳቀ። ግን ሳቁ ቶሎ አለቀ። ባለፈው ወር ሠላሳ አንድ ነበሩ። በደጉ ዘመን መቶ አሥር ቤት ይመጣ ስለነበር የቆሙት ከተቀመጡት ይበዙ ነበር። የደቦው ደንብ ደግሞ ሠላሳ ቤት ይላል። ከሠላሳ ቤት ያነሰ ሰው የሚያርመው ፕሮግራም ጠባቂ እንደሌለው ይቆጠራል፤ ጠባቂ በሌለው ፕሮግራም ለሚተዳደር ቤት መብራት አይቀጠልም።

«የእነ ደምሴ ወንበር ባዶ ነው» አሉ ጋሽ ይማም።

«ገዙ» አለች አንዲት ሴት ከኋላ። «ቤታቸው ዛሬ ጠዋት በስሜ ጠራኝ። ደግሞ እንዴት ያለ ድምፅ መሰላችሁ! ባሌ እንኳ ሲያጨኝ እንደዚያ አልጠራኝም።»

ጋሽ ይማም አልሳቁም። መነጽራቸውን አወለቁ።

«እኔ መጀመሪያ አይገባኝም ነበር» አሉ። «እልፍኝ የሚሉት ነገር ያው ጎጆ ነው። ከእኛው ወስደው ነው ድምፅ የጨመሩበት። መውሰዱ ደግሞ ይፈቀዳል፤ ስንሠራው ማንም እንዲወስደው ብለን ነው። ታዲያ እጃችን ላይ ያለውን ዕቃ መልሰው ለእኛው እንዴት ይሸጡልናል እል ነበር። አሁን ገባኝ። የሚሸጡልን ፕሮግራሙን አይደለም፤ ቅዳሜን ነው። ‹እናንተ አትሂዱ፣ እኛ እንሄድላችኋለን› ነው የሚሉት። አንዱ ቅዳሜውን ሲገዛ የእሱ የማረም ድርሻ እኛ ላይ ይወድቃል። ጥያቄው ሲበዛብን እናመሻለን። ስናመሽ ሌላው ይሰለቸውና እሱም ይገዛል። ሻጭ እንኳ አያስፈልጋቸውም፤ ድካማችን ይሸጥላቸዋል።»

ሰናይት አንገቷን ደፋች። ልጇ ረድኤት ከሦስት ወር በፊት በእልፍኝ ሻጭነት መቀጠሯን አዳራሹ በሙሉ ያውቃል። አንድ ሰው ግን ቀና ብሎ ወደ እሷ አላየም። ዘሃራ በጠረጴዛው ሥር ጭኗን ቆንጠጥ አደረገቻትና ሰሌዳዋ ላይ የወጣውን ጥያቄ ጮክ ብላ አነበበች።

«‹አሮጊቷ ብቻዋን ስታወራ ትውላለች። ሰው ልጥራላት?› ይላል። በያ ይቅር! እኔ ባወራሁ ቁጥር ሰው ከተጠራማ ሰፈሩ በሙሉ ሳሎኔ ሊከርም ነው።»

*

ማታ ረድኤት ቤት ስትደርስ በሩ ተከፈተላት። ሰሌዳዋም «ረድኤት ገባች። ሁሉም ገብቷል» የሚል ጻፈች። ሰናይት ይህችን ሁለተኛዋን ቃል ሳታይ እራት አትቀምስም።

ልጅቷ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ኮሌጅ ከጨረሰች በኋላ ሁለት ዓመት ሥራ ፈታ ተቀምጣ ነበር። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ሰናይት አንድ ነገር ትፈራ ነበር። የረድኤት ጓደኛ ሜሮንና ሌሎች ልጆች ወደ ባሕር ማዶ የሚሄዱበትን ቀን እየቆጠሩ ነው፤ ረድኤት አብራቸው ትቀመጥና ስለ መንገዱ ሲያወሩ ዝም ብላ ትሰማለች። የረድኤት አባትም በዚያው መንገድ ነበር የሄደው። አልተመለሰም። ሰናይት ስሙን ከቤቱ ዝርዝር ለማውጣት ሦስት ዓመት ፈጀባት፤ ሦስት ዓመት ሙሉ የበራፉ መብራት ሲበራ አደረ።

«እማ» አለች ረድኤት ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣ «ዘጠኝ ቤት ሞላልኝ።»

«እሰይ! የሚፈልጉት ስንት ነው?»

«አሥር። ሰኞ ያበቃል። አሥር ከሆነ ቋሚ እሆናለሁ፤ ካልሆነ ጨረስሽ ይሉኛል።»

«አንድ ቤት ብቻ?»

«የተሰጠኝ ይሄው ሰፈር ነው። ሁሉንም አንኳኩቻለሁ። እትዬ ዘሃራ ቤት ሁለት ጊዜ ሄጄ ሁለቴም ዳቦ ሰጥታ ሸኘችኝ።»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ሁለቱም አቆሙ። የቀረው ቤት የማን እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ፤ የመጀመሪያዋ ተናጋሪ መሆን ግን አንዳቸውም አልፈለጉም።

«በይ» አለች ሰናይት በመጨረሻ፣ «ለሰው የምትዪውን ለእኔም በይልኝ እስቲ። እንዴት እንደምትሸጪ ልይ።»

ረድኤት ፈገግ አለች። ወጥታ በሩን አንኳኳችና ተመልሳ ገባች። አቋቋሟ ተለውጧል፤ እጆቿን አጣምራለች።

«እንደምን አመሹ ወይዘሮ? ረድኤት እባላለሁ። አምስት ደቂቃዎን ቢሰጡኝ...»

«አንቱ አትበይኝ፣ ያስፈራኛል።»

«እማ! ደንበኛ ነሽ አሁን። ... ቅዳሜዎን የት ነው የሚያሳልፉት? በእልፍኝ ቅዳሜዎ የእርስዎ ነው። እልፍኝ ሲሳሳት የምናርመው እኛ ነን፤ ኃላፊነቱ በጽሑፍ የእኛ ነው። እልፍኝ ይናገራል፤ ዓይንዎን አያደክምም። ከሁሉ ከሁሉ ደግሞ ‹የናፍቆት ሰዓት› አለው። ከቤተሰብዎ አንድ ሰው ውጭ ካለ እልፍኝ አይተኛም። በሩን አይቆልፍም፣ የበራፉን መብራት አያጠፋም፣ ውኃውን ሙቅ አድርጎ ይጠብቃል። ይህን የኩባንያችን ተመራማሪዎች አራት ዓመት አጥንተው ነው ያገኙት።»

ሰናይት አፏን በነጠላዋ ያዘች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ረድኤት እያለቀሰች መስሏት ደነገጠች፤ ግን እየሳቀች ነበር፤ እንባዋ እስኪወርድ።

«ዶሮዎቹስ?» አለች። «ዶሮዎቹንም አጠኑ?»

«የምን ዶሮ?»

*

ሰናይት ይህን ነገር ለልጇ ነግራት አታውቅም ነበር። ያን ሌሊት ነገረቻት።

ያን ጊዜ ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ ማንበብ አትችልም። ይህ በዘመኑ ብርቅ አልነበረም። እሷ ልጅ ሳለች ዕቃው ሁሉ መናገር ጀምሮ ነበር። ታክሲው መድረሻውን፣ የመድኃኒቱ ብልቃጥ አወሳሰዱን፣ ደብዳቤው ራሱን ይናገራል። ትምህርት ቤቱም ፊደልን ነካ አድርጎ ያልፋል፤ ሰው ለምን እንደሚማረው እንኳ አይጠይቅም ነበር። ጎጆ ግን አይናገርም። ድምፅ የሚገዛ ነገር ነው፤ ደቦው ድምፅ የሚገዛበት አልነበረውም። ስለዚህ ጥያቄዎቹ በጽሑፍ ይመጣሉ።

ረድኤትን በጀርባዋ አዝላ ወደ ደቦው የሄደች ጊዜ፣ ሰው ሁሉ ሰሌዳው ላይ አጎንብሶ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ አየች። አፈረች። አልችልም ማለትን አልደፈረችም። አጎንብሳ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ ጥያቄ በመጣ ቁጥር የግራውን ቁልፍ ተጫነች።

«ለምን የግራውን?» አለች ረድኤት።

«በቀኝ እጄ አንቺን ደግፌ ነበራ። የግራው ለእጄ ቅርብ ነበር።»

አምስት ወር እንዲህ ሆነ። በአምስተኛው ወር የሰፈሩ ዶሮዎች አመል አወጡ። በየሰው በር ላይ ቆመው ይጮኻሉ፣ በሩ ይከፈትላቸዋል፣ ይገባሉ። ምንጣፍ ላይ ጫሩ። ሊጥ ውስጥ ቆሙ። አንድ ቀን የጋሽ ይማም ባለቤት ከገበያ ስትመለስ፣ አንዲት ዶሮ መኝታ ቤት ገብታ፣ ትራሱ ላይ እንቁላል ጥላ አገኘቻት። ዶሮዋ የእነሱ አልነበረችም። እንቁላሉ የማን እንደሆነ ለመወሰን ሁለት ቤት ተጣላ።

በቅዳሜው ጋሽ ይማም ተነስተው ቆሙ። «ለዶሮ በር የከፈተው ማነው?» አሉ። በደቦው መልስ ሁሉ ከመላሹ ስም ጋር ነው የሚቀመጠው። ፈለጉና አገኙት። «ሰናይት። ‹ዶሮ በር ላይ ቆማ ብትጮህ ይከፈትላት?› ተብሎ ተጠየቀ፤ ሰናይት ይሁን አለች። ‹ውሻ ምድጃ አጠገብ ቢተኛ እሳቱ ይጨመርለት?› ሰናይት ይሁን አለች። ‹እንግዳ ሁለተኛ ቀን ቢያድር ውኃ ይሙቅለት?› ሰናይት ይሁን አለች። ኧረ ሰናይት፣ ይቅር ያልሽው ነገር የለም እንዴ?»

ሰናይት ልጇን አዝላ ቆመች። «ማንበብ አልችልም» አለች። 

 ከዚያ ዘሃራ ወንበሯን በሲሚንቶው ላይ እየጎተተች መጥታ አጠገቧ አኖረችው። ያ ወንበር ሃያ ሁለት ዓመት ከዚያ አልተነቃነቀም። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ሰናይት ፊደልን የተማረችው ከቤቶች ጥያቄ ነው። ዘሃራ በጣቷ ታሳያለች፤ ሰናይት በሹክሹክታ ታነባለች። ሌላው ሰው እንዳይረበሽ ዘሃራ አፍ አውጥታ አትመልስም። ከተሳሳተች ጠረጴዛውን አንድ ጊዜ ታንኳኳለች፤ ትክክል ከሆነች ሁለት ጊዜ። ኳ፣ ኳ። ይሁን ማለት ነው። ቆይቶ አዳራሹ ሁሉ ለመደው፤ አንዱ ጥያቄ ጥሩ ተመለሰ ሲባል ከየጠረጴዛው ሁለት ሁለት ጊዜ ይንኳኳ ጀመር።

የሳተቻቸውን መልሶች አንድ በአንድ ሰረዟቸው። ዶሮው ተሰረዘ፣ ውሻው ተሰረዘ። ‹ከቤተሰቡ አንድ ሰው ውጭ እያለ በሩ ሳይቆለፍ፣ መብራቱ ሳይጠፋ፣ ውኃው ሳይቀዘቅዝ ይቆይ?› የሚለው ላይ ሲደርሱ ጋሽ ይማም እጃቸውን አነሱ።

«ይቺ ትቆይ» አሉ። «ሰሞኑን አምሽቼ ስገባ ቤቱ ነቅቶ ሲጠብቀኝ ምን ነካው እል ነበር። እናቴ ከሞተች ወዲህ የጠበቀኝ የለም።»

ማንም አልተቃወመም። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ቤቶች ሰው ሳይገባ አይተኙም። ጎጆን የወሰዱ ሌሎች ከተሞችም ይህንኑ አብረው ወሰዱ። እልፍኝም ከእነሱ ወሰደ።

 የኩባንያው ወረቀት ረድኤት እጅ ላይ ነበር።

«እንግዲያ ተመራማሪዋ አንቺ ነሽ» አለች። ወረቀቱንም አጠፈችው። «ተይው እማ። ለአንቺ አልሸጥም።»

«ሰኞስ?»

«ሰኞማ ያው ነው።»

«ያው ምን?»

«እነ ሜሮን ሐሙስ ነው የሚሄዱት» አለች ረድኤት፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ።

*

እሑድን ሙሉ ሰናይት ውሉን አነበበች። አሥራ ስምንት ገጽ ነው። ጣቷን ከመስመሩ ሥር እያስኬደች፣ አንዳንዱን ቃል ሁለቴ እየመለሰች፣ ከቅዳሴ መልስ ጀምራ እስኪመሽ ጨረሰችው። የተጻፈውን ሁሉ አነበበች። ያልተጻፈውን ማንበብ ግን ዘሃራ አላስተማረቻትም።

ሲመሽ በአጥሩ በኩል ዘሃራን ጠራቻት። ከየት እንደምትጀምር ጨንቋት ቆመች።

«ልትፈርሚ ነው አይደል?» አለች ዘሃራ።

«ማን ነገረሽ?»

«ፊትሽ። እኔ ማንበብ እችላለሁ እኮ።»

«ሃያ ዘጠኝ እንሆናለን ዘሃራ። ጋሽ ይማም ምን ይሉኛል? እናንተስ?»

ዘሃራ አጥሩ ላይ ተደገፈች። «ሦስት ልጅ አለኝ» አለች። «ሦስቱም በስልክ ናቸው። ወንበሬን ሸጬ አንዳቸውን ማስቀረት ብችል ኖሮ አዳራሹን ጨምሬ ነበር የምሸጠው። ፈርሚ። ደግሞ እንዳታለቅሺ፤ ዓይንሽ ካበጠ ያ ድምፃሙ ቤትሽ ነገ ምን ሆነሽ ነው እያለ ያደርቅሻል።»

ሰናይት ፈረመች። ስሟን ሙሉውን ጻፈች፤ ጣት አሻራ ይበቃል ቢባልም።

በማግስቱ እልፍኝ ገባ። «እንኳን ደህና መጣሽ፣ ሰናይት» አላት በሯ፣ ሞቅ ባለ የሴት ድምፅ። መቃኑ አጠገብ የነበረችው ሰሌዳ ጠፋች። አሁን የሚነበብ ነገር የለም። ረድኤት ቋሚ ሠራተኛ ሆነች። ሐሙስ ዕለት እነ ሜሮንን እስከ መናኸሪያ ሸኝታ፣ አልቅሳ፣ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ሰናይት ያን ቀን እግዚአብሔርን አመሰገነች፤ ውሉንም መረቀችው።

በሳምንቱ ረድኤት ስልጠና ነበራትና አመሸች። ሰናይት እራት አቅርባ ተቀምጣለች። አንድ ሰዓት ሲሆን ቤቱ ተናገረ። «መሽቷል፣ ሰናይት። በሩን እቆልፋለሁ። መልካም እንቅልፍ።»

«ኧረ ልጄ ውጭ ናት!»

«መልካም እንቅልፍ» አለ ቤቱ። የበራፉ መብራት ጠፋ። ውኃ ማሞቂያውም ጠቅ አለና ዝም አለ። በሩ በዝግታ መገጣጠም ጀመረ። ሰናይት ዘወር ዘወር አለች፤ ጥጉ ላይ የተደገፈውን ዘነዘና አነሳችና በሩ ሊገጥም ሲል ወሸቀችበት።

«በሩ ላይ እንጨት አለ። እባክሽ አንሺው።»

«አላነሳም!»

«እባክሽ አንሺው፣ ሰናይት።»

ድምፁ አይቆጣም፣ አይለወጥም። ያንኑ ቃል በየደቂቃው ደገመላት። እሷ ዘነዘናውን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። ጨለማው ውስጥ የአጥር በሩ ሲንቋቋ ሰማችና «እዚህ ነኝ!» ብላ ጮኸች።

ረድኤት እናቷን ከነዘነዘናዋ ስታይ ደነገጠች። «ምን ሆነሻል እማ?»

«ልጄን እየጠበቅሁ ነው። ቤቱ እምቢ አለኝ። ያ የናፍቆት ሰዓት የምትዪው የት ሄደ?»

ረድኤት ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች። ክሩ አልፈታ አላት። «ያንቺ ርካሹ፣ ‹መነሻው እልፍኝ› የሚሉት ነው» አለች ቀና ሳትል። «የናፍቆት ሰዓት ያለው ዋናው ላይ ነው። ለብቻው ነው የሚሸጠው። እኔም ዛሬ ነው የነገሩኝ።»

«እኔ የሠራሁትን?»

ረድኤት ክሩን ትታ ዘነዘናውን ከእናቷ እጅ ተቀበለች። ከዚያ ምሽት ጀምሮ ዘነዘናው ከበሩ ጀርባ ተቀመጠ።

*

በቀጣዩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ሃያ ዘጠኝ ሰው መጣ። ሰናይት አልሄደችም፤ ዘሃራ ናት የነገረቻት። ጋሽ ይማም ቆጠሩ፣ ደግመው ቆጠሩ፣ መዝገቡን ዘጉ። የመጣውን ዳቦ በልተው ተለያዩ። ከዚያ በኋላ ምርጫ አልነበረም፤ መብራት ከሚቋረጥ መግዛት ይሻላል ብለው በሁለት ወር ውስጥ ሃያ ዘጠኙም ገዙ። ሰናይትን የወቀሳት የለም። እሷ ግን በመንገድ ላይ ጋሽ ይማምን ስታይ መንገድ ትቀይራለች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ረጅም ሆነ። «ዛሬ ነፃ ነሽ፣ ሰናይት። ሙዚቃ ላሰማሽ?» ይላታል ቤቱ። ስምንት ሰዓት ሲሆን እግሯ ራሱ ይነሳል። ነጠላዋን ታነሳለች፣ ታስቀምጣለች። የምታስበው ትልቅ ነገር አይደለም። ወንበር በሲሚንቶ ላይ ሲጎተት የሚሰማው ድምፅ፣ የዘሃራ ጣት ከፊደሉ ሥር ሲሄድ፣ ጥፍሯ ላይ የነበረው የሂና ቀለም፣ ፌስታል ሲከፈት የሚሸተው ዳቦ፣ «ይሄኛውን ቤት ግን ማን አሳደገው?» ተብሎ የሚሳቀው ሳቅ። ሰፈሩ ምን እንደሚያስጨንቀው የምታውቀው ከዚያ ነበር። የማን ልጅ እንደሚያስል፣ ማን በሌሊት እየተነሳ ውኃ እንደሚጠጣ። አሁን ግን ቤቶቹ ጭንቀታቸውን ለማን እንደሚናገሩ አታውቅም።

በአምስተኛው ወር ረድኤት አንድ ወሬ ይዛ ገባች።

«እማ፣ አንባቢ ይፈልጋሉ። ቤቶቹ ለካ አሁንም ግራ ይጋባሉ። ጥያቄ የሚመልስ ሰው እያጡ ነው፤ በፍጥነት የሚያነብ ሰው በአገሩ የለም። ያለው የድሮ ደቦ ሰው ብቻ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ነው፤ ይከፈላል። ቦታውም...» ትንሽ አመነታች። «ቦታውም የእድሩ አዳራሽ ነው። ኩባንያው ተከራይቶታል።»

ሰናይት ሄደች። አዳራሹ ተቀብቷል። ድንኳኑና ድስቶቹ የሉም። ሠላሳ ወንበር አለ፤ ለስላሳ፣ ሲጎተት የማይጮኽ። ዘሃራ ቀድማ ከኋላዋ ባለው ረድፍ ተቀምጣለች፤ ወንበር ማቀራረብ አይፈቀድም። ጋሽ ይማም ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው መካከል አድርገው ጥጉ ላይ ናቸው። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም አሏት፤ እሷም ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገድ መቀየሩን ተወችው።

ተቆጣጣሪዋ ጨዋ ሴት ናት። «እዚህ መነጋገር የለም፤ ምግብም የለም» አለች በትሕትና። «አንድ ጥያቄ ለሦስት ሰው ይደርሳል። ሦስቱ አንድ ዓይነት ከመለሱ መልሱ በሁሉም ቤት ይጸናል። ስም አይጻፍም። ስትጠራጠሩ ይቅር በሉ።» ይኸው የመጨረሻው ቃል ግድግዳው ላይም በትልቁ ተጽፏል።

ቅዳሜዎቹ እንዲህ ሄዱ። ጥያቄው ይወጣል፣ ይመለሳል፣ ይጠፋል። ሠላሳ ሰው ተቀምጦ የሚሰማው የቁልፍ ጠቅታ ብቻ ነው። ጥያቄዎቹን የሚያወጣ ሰው የለም፤ እንደ ድሮው ከቤቶቹ ነው የሚመጡት። ቤቶቹ ግን አሁን የማን እንደሆኑ አይናገሩም።

በሦስተኛው ቅዳሜ፣ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ፣ በሰናይት ሰሌዳ ላይ እንዲህ የሚል ወጣ።

«መነሻው እልፍኝ። ምሽት አንድ ሰዓት። ነዋሪዋ በሩን በረጅም እንጨት ደግፋ ሃያ ስምንት ደቂቃ ቆመች። እንድታነሳው ተጠየቀች፤ አላነሳችም። ከቤተሰቡ አንድ ሰው ውጭ ነበር። እንዲህ ሲሆን በሩ ሳይቆለፍ፣ መብራቱ ሳይጠፋ ይቆይ?»

ሰናይት አነበበችው። ጣቷን ከመስመሩ ሥር አድርጋ እንደገና አነበበችው። ቤቷ ነው። ያን ምሽት እባክሽ አንሺው እያለ ሲደጋግምባት ለካ እሱም ግራ ገብቶት ነበር። ጥያቄውን ይዞ ስድስት ወር ቆይቶ፣ ዞሮ ዞሮ፣ እሷው ዘንድ መጣ።

 የእሷ መልስ ብቻውን ምንም አይደለም። ሌሎች ሁለት ሰዎች ይህንኑ ጥያቄ እያዩት ነው፤ እነማን እንደሆኑ አታውቅም። ዞራ ማየት አትችልም። መናገር አትችልም። ግድግዳው ይቅር በሉ ይላል። ብትያዝ ሥራው ይቀራል፤ ረድኤትም ነገ በአለቃዋ ፊት ትቆማለች። ደግሞም ረድኤት ዛሬ ታመሻለች። ዘነዘናው ከበሩ ጀርባ ነው፤ ሰናይት ግን እስኪመሽ እዚህ ናት። በሌሎች ቤቶች በር ላይ ደግሞ ዘነዘና የሚይዝ ሰው ላይኖር ይችላል።

ቀኝ እጇን ከጠረጴዛው ሥር አወጣች። በጣቷ አንጓ ከሰሌዳው ጎን ጠረጴዛውን መታች።

ኳ፣ ኳ።

የቁልፉ ጠቅታ ሁሉ ቆመ። ተቆጣጣሪዋ ቀና አለች። «ምንድን ነው እሱ?»

«ወንበሩ ነው» አለች ዘሃራ ከኋላ፣ ፊቷን እንኳ ሳታነሳ። «ውፍረቴ ከብዶት።»

ተቆጣጣሪዋ ትንሽ አየቻትና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።  ሰናይት ጠበቀች። ከዚያ ከጥጉ በኩል፣ ምርኩዝ በወለሉ ላይ፣ ቀስ ብሎ፣ ሁለት ጊዜ። ከኋላዋ ጥፍር በጠረጴዛ ላይ፣ ሁለት ጊዜ። ከመስኮቱ በኩል አንድ ሌላ ሰው። ከበሩ አጠገብ ሌላ።

ሰናይት መነጽሯን አስተካከለች። ቀኝ እጇ ዛሬ ማንንም አልደገፈም፤ ባዶ ነው። የግራው ቁልፍ ግን አሁንም ለእጇ ቅርብ ነበር።